በመኖሪያ ቤት የብረት ምሰሶ ላይ ደጋፊ ክንድ ስለማሰር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የመጽሔቱ አዘጋጆች በዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገርና ንግግሬም በጽሑፍ እንዲወጣ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ መስኖ ግድብ ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን የመረጥሁት ከቤት ጓሮ የማይወጣ ጉዳይ ነው። ይኸውም በመኖሪያ ቤት በቆመ የብረት ምሰሶ ላይ ባለሙያዎቹ «ብራኬት» የሚሉትን ደጋፊ ክንድ እንዴት ማሰር እንደሚገባ ነው። ርእሱን ስናገር ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ፈገግታውን አልቃወምም፤ ነገር ግን ከመካከላችን ወደ ቤቱ ሲመለስ ከእንዲህ ያለ ምሰሶ ሥር የማያልፍ ማን እንደ ሆነ እንጃ።

ጉዳዩን የማውቀው በሐይቅ ከተማና በአምባሰል በኩል ባሉ ቤቶች ስለሆነ ከዚያው ልነሣ። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችበትን የውኃ አካልና በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበትን የእስጢፋኖስን ገዳም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መንገዱን ይዞ ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ የአምባሰል ተራራና ውጫሌ ይመጣሉ። ከፍታው በአመዛኙ 2,000 ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። የቤቱ ዓይነት ግን ከታሪኩ ይልቅ ለዛሬው ነገራችን ይጠቅመናል። ብዙው ቤት በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። የብሎኬት ቤት እየበዛ ቢመጣም የጭቃው ቤት ገና አልጠፋም። የጭቃ ግድግዳ ሙቀትና ብርድ በመከላከል ረገድ ምስጉን ሲሆን ብሎን በመያዝ ረገድ ግን ምንም አይረባም። ከባድ ዕቃ በግድግዳው ላይ ማንጠልጠል ስለማይቻል፣ በጓሮ ወይም በበረንዳ ጥግ ተቀብሮ የቆመው የብረት ቧንቧ የቤቱ ብቸኛ ጠንካራ አካል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህም ሁሉም ነገር ወደ እርሱ ይሄዳል፦ የቴሌቪዥን ዲሹ፣ የውጭ መብራቱ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ አንዳንድ ጊዜም የፀሐይ ኀይል መሰብሰቢያው ጠፍጣፋ ሰሌዳ።

ቴሌቪዥን ወደ አገራችን በ1957 ዓ.ም. ሲገባ ምሰሶው የሚሸከመው ቀላል የአሉሚኒየም አንቴና ነበር፤ ነፋሱ በሽቦዎቹ መካከል ያልፋል። ዲሽ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ፤ ነፋስ የማያሳልፍ ጋሻ በምሰሶ ጫፍ ላይ ተሰቀለ ማለት ነው። ለብዙ ዓመታት ዲሾቻችን በምዕራብ 7 ዲግሪ ወደሚገኘው ወደ ናይልሳት ዞረው ኖሩ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ «ኢትዮሳት» የተባለው አገልግሎት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ባለው ሳተላይት ላይ ሲከፈት፣ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደዚያ አመሩ። አንድ ሰው በሐይቅ ከተማ ቆሞ ሁለቱን ቢፈልጋቸው፣ ናይልሳትን ከምዕራብ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ከአድማሱ 35 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ያገኘዋል፤ ሌላውን ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ማለት ወደ አናቱ ተጠግቶ ያየዋል። እንዲህ ያለውን ርቀት አንድ ዲሽ ዐይኑን በማብዛት ብቻ ሊሸፍነው አይችልም። አረብኛውን ጣቢያና የእግር ኳሱን ጨዋታ ሳይለቅ የአገሩን ዜና ማየት የፈለገ ቤተሰብ ሁለተኛ ዲሽ ማቆም ግድ ሆነበት። ሁለተኛ ምሰሶ ለመግዛት የተዘጋጀ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በነበረው ምሰሶ ጎን ክንድ ተጨመረ። የዛሬው ርእሴ የተወለደው ከዚህ ነው።

ጥቂት ቁጥር ላቅርብ፤ መሐንዲስ ያለ ቁጥር ቢናገር አይታመንምና።

በእ.ኤ.አ. 1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንጻ ደንብ መሠረታዊውን የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ 22 ሜትር አድርጎ ይወስዳል። ይህ አማካይ ነው፤ ድንገተኛው ውርጅብኝ ከዚህ ይበልጣልና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዘው። በ2,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ የአንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደት 1 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ይህ ደጋነታችን የሰጠን ትንሽ ቅናሽ ነው። በዚህ ስሌት ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዲሽ ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመታው 30 ኪሎ ያህል ይገፋል። ዲሹ ራሱ የሚመዝነው ጥቂት ኪሎ ነው። ሰቃዩ ወጣት በእጁ አንሥቶት «ቀላል ነው» የሚለው ይህን ክብደት እንጂ ግፊቱን አይደለም፤ ግፊቱን በጠራ ቀን ማንም አያየውም።

እንግዲህ ምሰሶው ከመጨረሻው መያዣው በላይ 2 ሜትር ተርፎ ቢወጣ፣ ይህ ግፊት በመያዣው ላይ የሚያመጣው መታጠፍ 60 ኪሎ ግራም-ሜትር ነው። በሐይቅም ሆነ በደሴ ሱቆች «አንድ ኢንች ተኩል» ተብሎ የሚሸጠው ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 48 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የግድግዳው ውፍረት ግን ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የውኃ ቧንቧው 3 ሚሊ ሜትር ከሽርፍራፊ ነው፤ ለአጥርና ለወንበር ተብሎ የሚመጣው ስስ ቧንቧ ደግሞ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀለም ከተቀቡ በኋላ አንዱን ከሌላው በዐይን መለየት አይቻልም። በወፍራሙ ላይ የሚያርፈው ጭንቀት በካሬ ሚሊ ሜትር 12.5 ኪሎ ሲሆን በስሱ ላይ 24 ኪሎ ይደርሳል። ተራ ብረት ተመልሶ ሳይቀና ታጥፎ የሚቀረው ደግሞ በዚያው በ24 ኪሎ ገደማ ነው። እንግዲህ ስሱ ቧንቧ ገና በአንድ ዲሽ፣ ሁለተኛው ሳይመጣ፣ ዐቅሙን ጨርሶ ቆሟል ማለት ነው። ሻጩ ጫፉን እንዲያሳይ መጠየቅና ውፍረቱን በካሊፐር፣ ካሊፐር ከሌለም በማስመሪያ መለካት ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው።

አሁን ሁለተኛውን ዲሽ እንጨምር። ሁለቱ ዲሾች ፊታቸው ወደ ተለያየ አቅጣጫ ስለሆነ አንድ ነፋስ ሁለቱን በእኩል አይመታቸውም፤ ሁለተኛውም ከጫፉ ዝቅ ብሎ ስለሚታሰር ጠቅላላውን መታጠፍ 80 ኪሎ ግራም-ሜትር ብንለው ከእውነት አንርቅም። ወፍራሙ ቧንቧ በካሬ ሚሊ ሜትር 17 ኪሎ ያህል ተጨንቆ ይችለዋል። ይችለዋል ማለቴ ግን ቧንቧው ጤነኛ ከሆነ ነው። ብዙ ጊዜ ጤነኛ አይሆንም፤ ለምን ቢባል፣ ትራፓኖ ይዞ የመጣው ሠራተኛ ክንዱን ለማሰር ምሰሶውን ወዲያና ወዲህ ይበሳዋል።

ስለ መብሳት ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። በቧንቧ ላይ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከጎን እስከ ጎን ሲበሳ የሚወጣው ብረት ከእፍኝ በታች የሆነ ፍርፋሪ ነው፤ ስለዚህ ጉዳቱም ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቧንቧ መታጠፍን የሚቋቋመው ከመካከሉ እጅግ ርቀው ባሉት ጠርዞቹ ነው። ቀዳዳው በነፋሱ አቅጣጫ ከዋለ ከጥንካሬው አንድ ሦስተኛውን ይወስዳል። ቀዳዳውን ከነፋሱ ጎን ማድረግ ይቻላል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነፋስ ግን በአንድ በኩል ብቻ እንዲመጣ የሚያስገድደው ደንብ የለም። ቅድም ያሰላነው 17 ኪሎ አሁን 25 ኪሎ ሆኖ ከልኩ ያልፋል። ከዚህ በተጨማሪ ጭንቀቱ በቀዳዳው ከንፈር ላይ ተከማችቶ፣ ዲሹ በነፋስ በተወዛወዘ ቁጥር እዚያው ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ይጀምራል። ዝናብም በቀዳዳው ገብቶ ቧንቧውን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የውስጥ ዝገት ደግሞ ምሰሶው የሚሰበርበት ቀን እስኪደርስ አይታይም። ወድቀው ያየኋቸው ምሰሶዎች ከመሬት አጠገብ በዝገት ካልተቆረጡ፣ የተሰበሩት በቀዳዳቸው ላይ ነበር።

በብየዳ ማያያዝም ከዚህ እምብዛም አይሻልም። ስሱን ቧንቧ ብየዳው ያቃጥለዋል፤ በዚንክ የተለበጠውን ደግሞ ልባጡን ገፎ ለዝገት ያጋልጠዋል። በብየዳ ጊዜ ከዚንኩ የሚወጣው ነጭ ጢስ ለሠራተኛው መጥፎ ነው፤ በማታው ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፤ ወባ የሚያውቅ አገር ስለሆነም ብዙዎች የወባ መድኃኒት ፍለጋ ይሄዳሉ። ወተት መጠጣት ያድናል የሚባለው ልማድ መጽናኛ እንጂ መከላከያ አይደለም። መበየድ ግድ ከሆነ ሜዳ ላይ፣ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ፣ ልባጡን አስቀድሞ ፍቆ መሆን አለበት፤ ሲበርድም በአንቲረስት ቀለም ሁለት ጊዜ መቀባት ይገባዋል።

ስለሆነም የማምንበት ዘዴ በጥብቆ መያዝ ነው። ሁለት ዩ ቦልቶች ምሰሶውን ከኋላ ታቅፈው ከፊት ያለውን የላሜራ መቀመጫ ይነክሳሉ፤ ክንዱ ከመቀመጫው ይነሣል። ምሰሶው አይቆስልም፤ ያልተስማማ እንደ ሆነም ተፈትቶ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። «በሰበቃ ብቻ የተያዘ ነገር ዞሮ አይለቅምን?» ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ክንዱ ዲሹን ከምሰሶው 40 ሳንቲ ሜትር ቢያርቀው፣ የ30 ኪሎው ግፊት 12 ኪሎ ግራም-ሜትር ያህል ሊያዞረው ይጥራል። ይህን ለመቋቋም በሁለቱ ዩ ቦልቶች አራት እግሮች ላይ እያንዳንዳቸው ከ300 ኪሎ በላይ መወጠር ያስፈልጋል። 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ ብሎን የዚህን እጥፍ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለት ዩ ቦልቶች ይበቃሉ። አንድ ብቻ ከሆነ ግን ያለ ምንም ትርፍ ጫፍ ላይ ቆሟል። በየቤቱ የምናያቸው በራሳቸው ጊዜ ዞረው ምስል የሚያጠፉት ዲሾች አብዛኛዎቹ በአንድ ዩ ቦልት የተያዙ ናቸው። ባለቤቶቹ ጣቢያው ተበላሸ ይላሉ።

የማጥበቁ ልክም ቀላል ነው። ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁልፍ ይዞ በ6 ወይም በ7 ኪሎ ኀይል መሳብ ይበቃል፤ ይህም የአንድ እጅ መጠነኛ ጉልበት ነው። በቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ በሁለት እጅ የሚጎትት ሰው ወይ ብሎኑን ይበጥሳል፣ ወይ ቧንቧውን ያጎደጉዳል። ሁለቱ ዩ ቦልቶች ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ፤ ከዳዶው ሥር ሮንዴላ፣ ከዳዶውም በላይ ሁለተኛ ዳዶ ይግባ። ሁለተኛውን ዳዶ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ በኪሱ ይዞት ይመለሳል። ከሳምንት በኋላ እንደገና ማጥበቅ፣ ከዚያም በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ መፈተሽ ያስፈልጋል።

የክንዱ ከፍታስ? ዲሽ ከፍ ባለ ቁጥር የተሻለ ያያል የሚል እምነት በሰፊው አለ፤ ይህ ከአንቴናው ዘመን የቀረ ነው። አንቴና ከማሠራጫው ጋር የሚገናኘው በአድማስ በኩል ስለነበር ከፍታ ይጠቅመው ነበር። ሳተላይት ግን ከሰማይ ስለሚያይ፣ ዛፍና ጣራ እስካልጋረደው ድረስ ዲሹ በደረት ቁመት ላይ ቢታሰርም እንደ ጫፉ ያገለግላል። ወደ 57 ዲግሪ የሚመለከተውማ 66 ዲግሪ ያህል አንጋጦ ስለሆነ የጎረቤት ቤት እንኳ እምብዛም አይጋርደውም። ስለዚህ ሁለተኛውን ክንድ ሕፃናት ከሚደርሱበት በላይ፣ ነገር ግን ከዚህ አልፎ በማይወጣ ከፍታ ላይ ማሰር ይሻላል። ምሰሶው ግድ ከጣራ በላይ መውጣት ካለበትም፣ ከጣራው አጠገብ በሌላ ደጋፊ ወደ ቤቱ ይያዝ። ነጻ ሆኖ የሚወጣው ርዝመት ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ቢወርድ መታጠፉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ይህም ወፍራም ቧንቧ ከመግዛት ይረክሳል። ያ ደጋፊ ታዲያ የሚታሰረው በጭቃው ላይ ወይም በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ አይደለም። ምርጉ ተገልጦ ቋሚው እንጨት ይፈለግና፣ ብሎኑ በእንጨቱ አልፎ በጀርባው በሰፊ ላሜራ ይያዝ፤ ከዚያ ምርጉ ይመለሳል።

እስካሁን የተናገርሁት ዲሽ ስለ መውደቅ ነው። ዲሽ ቢወድቅ ቆርቆሮ ይቀዳል፤ ሰው መግደሉ አልፎ አልፎ ነው። የሚገድለው ሌላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐይቅ ከተማ ዳርቻ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ይነዝረኛል፤ ሰው አያምነኝም» አሉኝ። በመጀመሪያው ዝናብ ሰሞን አንዲት ፍየል በአሸንዳው ሥር ሞታ ተገኝታ፣ የእባብ ነገር ነው ተብሎ ታልፎ ነበር። «እማማ፣ እስቲ ከግድግዳው ይራቁልኝ» ብዬ መለኪያዬን በቆርቆሮውና በእርጥቡ መሬት መካከል ሳገናኝ መርፌው ከ100 ቮልት አለፈ። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከምሁም። ከመንገዱ የመጣው የመብራት ገመድ ወደ ቤቱ የሚገባው ከጣራው ላይ በወጣ የብረት ቧንቧ ነው፤ የዲሹም ክንድ የታሰረው በዚያው ቧንቧ ላይ ነበር። የክንዱ ሹል ጠርዝ በነፋስ እየተወዛወዘ የገመዱን ልባስ ፍቆ ፍቆ መዳቡን አግኝቶታል። ቧንቧው ቆርቆሮውን ነክቷል፤ ቆርቆሮው ደግሞ አሸንዳውን። ክንዱን ያሰረው የእኅታቸው የልጅ ልጅ ነበር፤ ስጋታቸውን ሲነግሩትም «አብሽሩ፣ ምንም የለውም» ብሏቸዋል። ልጁ ክፉ አይደለም። የዚያን ቧንቧ ሥራ ከሌላው ምሰሶ የሚለይለት ሰው አልነበረም እንጂ። ዋናውን መቁረጫ ዘግቼ፣ ክንዱ እስኪነሣና ገመዱ በሚመለከተው ባለሙያ እስኪለወጥ ሦስት ቀን በጨለማ አደሩ።

እንግዲህ የመብራት መግቢያ በሆነ ቧንቧ ላይ ምንም ዓይነት ክንድ አይታሰርም። በዚህ ላይ ልዩነት፣ ካልሆነም የሚባል ነገር የለም። የዲሹ ምሰሶ ከዚያ ቧንቧ ይራቅ፤ ሲተከልም ሆነ ሲነቀል ቢወድቅ የመንገዱን ገመድ በማይደርስበት ቦታ ይሁን። 6 ሜትር የሆነ ቧንቧ ሁለት ሰው አቁሞት ሲንገዳገድ ማየት የተለመደ ነው፤ በሠፈር ውስጥ የሚያልፈው ባለ 15 ሺህ ቮልት መስመር ግን ለሁለተኛ ስሕተት ጊዜ አይሰጥም። በየቤቱ ዋና መቁረጫ አጠገብ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በራሱ የሚቆርጥ፣ በ30 ሚሊ አምፔር የሚሠራ መሣሪያ ቢገባ መልካም ነው። ዋጋው ከዲሹ ጋር ቢተያይ ብዙ አይባልም።

ስለ መብረቅ ጥቂት ልጨምር። የአምባሰል ነዋሪ ስለ መብረቅ ከመሐንዲስ መማር አያሻውም፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ ከተራራው ሥር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ምሰሶው ከታች በመዳብ ሽቦ ተያይዞ መሬት ውስጥ ከገባ ዘንግ ጋር ይታሰር፤ የዲሹም ገመድ የውጭ ሽቦ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ከዚያው ጋር ይገናኝ። ይህ ቀጥታ የወደቀን መብረቅ ይመልሳል ብዬ አልዋሽም። በአቅራቢያ ሲወድቅ የሚመጣውን ግን ከሪሲቨሩና ከተመልካቹ ያርቃል። በድንጋያማው ተዳፋት ዘንግ ማስገባት አስቸጋሪ ነው፤ እዚያ ሽቦውን በጎድጓዳ ቦይ ጋደም አድርጎ፣ የማጠቢያ ውኃ በሚፈስበት እርጥብ መሬት መቅበር ይሻላል። ደመና ሲያጉረመርም ገመዱን ከሪሲቨሩ መንቀል ደግሞ ከሁሉ የረከሰ መከላከያ ነው።

የተከበራችሁ አባሎች፤ ይህን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው መሰላልና ትራፓኖ ያላቸው፣ በቀን ከአንድ ቤት በላይ ካልሰቀሉ እራት የማይበቃቸው ወጣቶች ናቸው። መብሳት ዐሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ሁለት ዩ ቦልት ግን መግዛት ይጠይቃል፤ ገንዘቡንም ባለቤቱ አይከፍልም፤ ለምን እንደሚከፍል የነገረው የለምና። እኛ የሕንጻውን ስሌት ፈርመን ስንወጣ፣ ከሕንጻው ላይ የሚሰቀለውን ሁሉ ለእነርሱ ትተንላቸዋል። ማኅበራችን በአንድ ገጽ ላይ በሥዕል የተዘጋጀ መመሪያ አሳትሞ፣ በደሴ፣ በሐይቅና በውጫሌ ቧንቧና ዲሽ በሚሸጡ ሱቆች እንዲለጠፍ ቢያደርግ ወጪው ከዛሬው ጉባኤ ሻይ አይበልጥም። በሥዕሉ ላይ የመብራት መግቢያው ቧንቧ በቀይ ተሠርዞ ይታይ፤ ከጎኑ ሁለት ዩ ቦልቶች፣ ከአጠገባቸውም የወፍራሙና የስሱ ቧንቧ ጫፍ በእውነተኛ መጠናቸው ይሣሉ፤ ገዢው የያዘውን ቧንቧ ከወረቀቱ ላይ አስጠግቶ እንዲያስተያይ። ሥዕሉን እኔ አዘጋጅቻለሁ፤ ከአዳራሹ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስላለ እርማት ያላችሁ በእርሳስ ጻፉበት።